ከምግቡ ባሻገር፦ የሰፈር ምግብ ቤት እንደ አደራ ተቋም



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። የምናገረው ስለ ሰፈር ምግብ ቤት ነው። ስለ ሽሮው ጣዕምም ሆነ ስለ ፍርፍሩ ቅመም ግን አልናገርም። የማነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ምግቡ መካከለኛ፣ ወንበሩ የሚነቃነቅ፣ ጣሪያው በጭስ የጠቆረ አንድ ምግብ ቤት አለ እንበል። ከጎኑ የተሻለ ምግብ በተመሳሳይ ዋጋ የሚያቀርብ ሌላ ቤት ይከፈታል። የቀድሞው ቤት ደንበኞች ግን ጥለውት አይሄዱም። ለምን? ነገሩን በሸማች ምርጫ ንድፈ ሐሳብ ብቻ ካየነው እነዚህ ሰዎች ጥቅማቸውን የማያውቁ ይመስላሉ። እኔ የምከራከረው ጥቅማቸውን በሚገባ ያውቃሉ ብዬ ነው። ከምግቡ ጋር የሚያገኙት፣ በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ያልሰፈረ ሌላ ነገር አለ። ያንን ነገር ለመሰየም በቋንቋችን «አደራ» ከሚለው የተሻለ ቃል የለም።

ምሳሌዎቼን በአብዛኛው የምወስደው ከምኖርበት ሰፈር ከዓለም ባንክ ነው። ዓለም ባንክ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከአየር ጤናና ከቤተል ጋር የሚጎራበት ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን በዓለም ባንክ ብድር ከተካሄደው የመኖሪያ ቤት ፕሮጀክት ነው። ይህ አመሠራረት ለጉዳያችን ትልቅ ትርጉም አለው። ደጃች ውቤ ሰፈርን ወይም ራስ ካሣ ሰፈርን የመሳሰሉት የቀድሞ ሰፈሮች የተመሠረቱት በአንድ መኳንንት ግቢ ዙሪያ ነበር። ነዋሪው በጌታው፣ በአገልግሎቱ፣ ብዙ ጊዜም በትውልድ አገሩ አስቀድሞ የተሳሰረ ነበር። ወደ ዓለም ባንክ የመጣው ሰው ግን በአብዛኛው ጎረቤቱን የማያውቅ ነበር። ከእሱ በኋላ ደግሞ ተከራዩ፣ ላጤው ሠራተኛ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ወጣት ተጨመረ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ ከ428 ሺህ በላይ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው እርስ በርሱ የሚተዋወቀው የት ነው?

ዕድር አለ፤ ነገር ግን ዕድር ቤት መሥርቶ ለተቀመጠ ሰው የሚመች ተቋም ነው። የሚሰበሰበውም በወር አንድ ጊዜ ወይም ሐዘን ሲደርስ ነው። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አሉ፤ እነሱ የሚያገናኙት በየእምነቱ ነው። በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ዘመድ የሌለውንም ጨምሮ የሚያገናኝ ቦታ ስንፈልግ የምናገኘው ቁርስ ቤቱን፣ ሻይ ቤቱን፣ ሽሮ ቤቱን ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። በአገራችን ምግብን በገንዘብ መሸጥ የቅርብ ጊዜ ልማድ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ፣ በልቶ ሒሳብ መክፈል ለመኳንንቱ እንግዳ ነገር እንደነበረና ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ጋብዘው፣ ኋላም ከፍለው በማሳየት እንዳለማመዷቸው ይነገራል። ታሪኩ እንደ ቀልድ ቢወራም ከጀርባው ያለው ነገር ቁም ነገር ነው። እንግዳን ማብላት የአስተናጋጅ ግዴታ ነው፤ ከእንግዳ ገንዘብ መቀበል ነውር ነው። ምግብ ቤት ሲመጣ ይህ ግዴታ እንዳለ አልጠፋም። ባለቤቷ ነጋዴ ብትሆንም በከፊል አስተናጋጅ ሆና ቀርታለች። ለዚህም ነው ሒሳብ ከፍሎ የሚበላ ሰው እንኳ አዲስ ሰው ሲገባ «እንብላ» የሚለው።

ቃሎቻችንም ይህንኑ ይመሰክራሉ። «ደንበኛ» የምንለው ሰው «ደንብ» ከሚለው ቃል የወጣ ስም አለው። ደንበኛ የቤቱን ደንብ የሚያውቅ፣ ቤቱም የእሱን ደንብ የሚያውቅለት ነው። አንድ ጊዜ በልቶ የሄደ ሰው ገዢ ነው እንጂ በዚህ ትርጉም ደንበኛ አይባልም። «ጉርሻ»ም እንዲሁ በፍቅር በእጅ የሚሰጥ ጉርሻ ነበር፤ ዛሬ ለአስተናጋጅ የሚተው ትንሽ ገንዘብም በዚሁ ስም ይጠራል። ንግዱ ቃላቱን ከማዕድ ተውሷል፤ ከቃላቱ ጋርም ግዴታውን አብሮ ወስዷል።

ይህ ግዴታ በተግባር እንዴት ይሠራል? ሦስት ዓይነት አደራዎችን ልለይ።

የመጀመሪያው የገንዘብ አደራ ነው፤ በተለመደው ስሙ ዱቤ። በሰፈሬ በአንድ አነስተኛ ምግብ ቤት የዱቤ ደብተሩ ከሒሳብ መቀበያው ጠረጴዛ ሥር ይቀመጣል። ከተጻፉት ስሞች ብዙዎቹ መታወቂያ ላይ የሚገኙ አይደሉም፦ «የጋራዡ ልጅ»፣ «ረጅሙ ሹፌር»፣ «የፎቁ ዘበኛ» ይላል። ባለቤቷ ሰውን የመዘገበችው በሥራውና በሚታወቅበት ነገር ነው። ለባንክ እንዲህ ያለ መዝገብ ዋጋ የለውም፤ ለእሷ ግን በቂ ነው። አዲስ ሰው ዱቤ የሚጀምረው አንድ የቆየ ደንበኛ «የእኔ እንግዳ ነው» ሲልለት ነው፤ ያ ቃል የዋስትና ውል ነው። የቀን ሠራተኛው ቅዳሜ፣ ደመወዝተኛው በወር መጨረሻ ይከፍላል። እሷም በበኩሏ እንጀራውን ከምታቀርብላት ሴት፣ ዘይቱንና በርበሬውን ከባለሱቁ በዱቤ ትወስዳለች። አንዱ ሲዘገይ ሰንሰለቱ በሙሉ ይላላል፤ ስለዚህ ሁሉም በሁሉም ላይ ዓይን አለው። ዓለም ባንክ ውስጥ ያለ መያዣ የሚያበድረው ባንክ ይኸው ነው ብል ስሙን ማላገጤ አይደለም።

በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር፣ ቀጥሎም በ2014 ዓ.ም. በስልክ አነስተኛ ብድር መስጠት ሲጀመር፣ የዱቤ ደብተሩ ያበቃለት መስሏቸው የነበሩ ሰዎች አሉ። ሁለቱ ግን የሚመዝኑት ነገር ይለያያል። ስልኩ የሚመዝነው ያለፈ የገንዘብ እንቅስቃሴን ነው። ደብተሩ የሚመዝነው ሰውን ነው። ሥራ ያጣው ወጣት በስልኩ ላይ ነጥቡ ይቀንሳል። ባለቤቷ ግን ሥራ ማጣቱን፣ ለምን እንዳጣም ታውቃለች፤ «እስክታገኝ ብላ» ማለትም ትችላለች።

ሁለተኛው የዕቃና የቃል አደራ ነው። ቁልፍ ይቀመጣል። ከክፍለ ሀገር የመጣ የቅቤ ጣሳ ይጠብቃል። «እንዲህ የሚባል ሰው ከመጣ እንዲህ በይልኝ» ይባላል። ቤት የሚከራይ፣ ሥራ የሚፈልግ፣ ሠራተኛ የሚፈልግ መጀመሪያ የሚጠይቀው እዚያ ነው። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ጄን ጄኮብስ በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ አሜሪካ ታላላቅ ከተሞች በጻፈችው መጽሐፍ፣ በኒው ዮርክ በምትኖርበት መንገድ ሰዎች እንግዳ ሲጠብቁ የቤታቸውን ቁልፍ ለሰፈሩ ምግብ ሻጭ ይተዉ እንደነበር ታስረዳለች። ቁም ነገሩ ለምን ለእሱ የሚለው ነው። የሚታመን ነው፤ ደግሞም ማን እንደመጣና ለምን እንደመጣ አይጠይቅም። ከዘመድ ጋር ያለ ቅርበት ጥያቄ ያስከትላል፤ እዚህ ያለው ቅርበት ልኩን ያውቃል።

ሦስተኛውና ዋናው የሰው አደራ ነው። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የሚመጣ ሰው አንድ ቀን ሲቀር ይታወቃል። ሁለተኛውን ቀን ሲደግም «ደውሉለት» ይባላል። ሦስተኛውን ቀን አንድ ሰው ተነሥቶ ቤቱ ይሄዳል። ልጆቹ ውጭ አገር ለሚኖሩ ጡረተኛ፣ በአንድ ክፍል ቤት ለሚኖር ላጤ ይህ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

የሕይወት ጉዳይ ስል አላጋነንሁም። በሐምሌ ወር 1995 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ከተማ በወረደው የሙቀት ማዕበል ከተለመደው የሞት መጠን በላይ 739 ሰዎች ሞቱ። ኤሪክ ክላይነንበርግ የተባለው የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ድህነታቸው የሚቀራረብ ሁለት ጎረቤት ሰፈሮችን አነጻጸረ። በአንደኛው ብዙ ሰው ሞተ፤ በሌላኛው እጅግ ጥቂት። ካገኛቸው ልዩነቶች ዋነኛው የመንገዱ ሕይወት ነበር። ሱቆችና ምግብ ቤቶች ክፍት ሆነው ሰው በሚወጣበትና በሚገባበት ሰፈር አረጋውያን ከቤታቸው ይወጡ ነበር፤ ሲጠፉም ይታወቅ ነበር። በተዘጋጋው ሰፈር ብቻቸውን በራቸውን ዘግተው የነበሩት ብዙዎቹ በዚያው ሞቱ። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» የሚለው አባባላችን የሥነ ምግባር ምክር ሆኖ ነው የኖረው፤ እዚህ ላይ ግን ቃል በቃል እውነት ሆኖ እናገኘዋለን።

በዚያችው ከተማ ሚቸል ዱኒየር በ1992 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «የስሊም ጠረጴዛ» የተሰኘ መጽሐፍ አለ። ጥናቱ የተካሄደው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በሚገኝ ቫሉዋ በተባለ ርካሽ ምግብ ቤት ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ጥቁር ሠራተኞች በየቀኑ እዚያ ይገናኛሉ። ከመካከላቸው ስሊም የተባለው ሜካኒክ አንድን ብቸኛ ነጭ አዛውንት ቀስ በቀስ መንከባከብ ይጀምራል። ሁለቱን ሰዎች በዚያ ዘመን በዚያች ከተማ ሌላ ምንም ነገር ሊያገናኛቸው አይችልም ነበር። ያገናኛቸው በየቀኑ በአንድ ሰዓት በአንድ ቤት መብላታቸው ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ የራሳችን ታሪክ በዋሽንግተን ዲሲ አለ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የተሰደደው ኢትዮጵያዊ እየበዛ ሲሄድ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. «ማማ ደስታ» የተባለው ምግብ ቤት በዚያች ከተማ ተከፈተ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በዚያን ጊዜ ጤፍ በአሜሪካ ገበያ እንደ ልብ አይገኝም ነበርና እንጀራው በአብዛኛው የሚጋገረው ከስንዴና ከሌሎች ዱቄቶች ነበር። ምግቡ የአገር ቤቱን ያህል አልነበረም ማለት ነው፤ ሰዎች ግን ይጎርፉ ነበር። ሥራ የሚገኘው፣ የሚከራይ ክፍል የሚጠየቀው፣ ከአገር ቤት የመጣ ወሬ የሚሰማው እዚያ ነበር። በመግቢያዬ ላነሣሁት ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም፤ ምግቡ ሲጎድል ምግብ ቤቱ አልጎደለም።

ዋሽንግተንና ዓለም ባንክ የሚመሳሰሉት በዚህ ነው። ሁለቱም የተዋቀሩት አስቀድመው ባልተዋወቁ ሰዎች ነው። አሜሪካዊው ሬይ ኦልደንበርግ በ1989 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ከቤትና ከሥራ ቀጥሎ «ሦስተኛ ቦታ» ብሎ ሰይሟቸዋል፤ ዋና ተግባራቸውም ጭውውት ነው ብሏል። ሐሳቡ ጠቃሚ ቢሆንም ለእኛ ይጠብበናል። እኛ ዘንድ ጭውውቱ መንገድ ነው፤ መድረሻው ግዴታ ነው። አብሮኝ የበላ ሰው ሲታመም መጠየቅ፣ ሲያዝን ማስተዛዘን ይጠበቅብኛል።

ሌላም የአገራችን ልዩ ጉዳይ አለ። ሥጋ በማዕዳችን ላይ ድንበር ነው፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በየራሳቸው ባርከው ያረዱትን ይበላሉ። ኮልፌ ደግሞ ሁለቱም እምነቶች በብዛት ጎን ለጎን የሚኖሩበት አካባቢ ነው። ሁለቱ ያለ ችግር አብረው የሚቀመጡበት ማዕድ ሥጋ የሌለበት ነው፦ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ፉሉ፣ በያይነቱ፣ ሻዩ። የሰፈር ምግብ ቤት በድህነቱ ምክንያት የሚያቀርበው ርካሽ ምግብ፣ ማንም ሳያቅደው፣ የጋራ ጠረጴዛ ሆኗል። ስለ አብሮ መኖር በየመድረኩ ብዙ እንናገራለን፤ በተግባር የሚለመድበት ቦታ አንዱ ይህ ነው።

ነገሩን ከልክ በላይ ማሳመርም አልፈልግም። በመጀመሪያ፣ ጠረጴዛው በአብዛኛው የወንዶች ነው። ሴቶች እዚያ ያሉት በብዛት አብሳይ፣ አስተናጋጅ ወይም ባለቤት ሆነው ነው፤ የራሳቸውን አደራ የሚለዋወጡት በየቤቱ በቡና ላይ ነው። ሁለተኛ፣ በአገራችን ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ የአስተናጋጇ ኑሮ በጉርሻ ላይ የተንጠለጠለ ሲሆን ስለ ማዕድ ቅድስና መስበክ ይከብዳል። ሦስተኛ፣ መታወቅ መጠበቂያ ብቻ አይደለም፤ መታዘቢያም ነው። ዕዳው የበዛበት ሰው በአፍረት መንገድ ቀይሮ ይሄዳል። በደርግ ዘመን በአደባባይ መናገር ምን ያህል አስፈሪ እንደነበር የምናስታውስ ሰዎች፣ ጆሮ የበዛበት ቤት ሁልጊዜ መጠጊያ እንዳልሆነ እናውቃለን። እነዚህ ጉድለቶች ግን ተቋሙ ተራ ነገር አለመሆኑን ያመለክታሉ እንጂ ዋጋ ቢስ መሆኑን አያሳዩም።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልምጣ። አደራ እንዲኖር አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ ቦታው መቆየት አለበት፤ ዋጋው በየቀኑ መምጣት የሚያስችል መሆን አለበት፤ ባለቤቷ እዚያው መገኘት አለባት፤ ሰው ሳይቸኩል የሚቀመጥበት ጊዜ ሊኖር ይገባል። አራቱም ዛሬ ተናግተዋል። የጤፍና የዘይት ዋጋ ሲንር «ዛሬ በእጅ ነገ በዱቤ» የሚለው ጽሑፍ ከቀልድነት ወደ ደንብነት ይለወጣል። የቤት ኪራይ በየዓመቱ ሲጨምር ባለቤቷ ትለቃለች፤ ደብተሩም አብሯት ይሄዳል። በቀጣዩ ወር ሌላ ሰው እዚያው ቤት ምግብ ቤት ይከፍታል፤ ወንበሩ ያው ነው፤ ማንም ግን ማንንም አያውቅም።

ከዚህም የሚፈጥነው ሰፈር በጠቅላላ ሲነሣ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ከፒያሳ፣ ቀጥሎም ከካዛንቺስ፣ ብዙ ነዋሪዎች ተነሥተው ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ሄደዋል። ከተማ መታደስ የለባትም የሚል ክርክር የለኝም፤ መጸዳጃ ቤት የሌለውን ግቢ በናፍቆት ዓይን ብቻ ማየትም አልሻም። ጥያቄዬ ስለ ቆጠራችን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበትና ካሣ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሣ የሚባል ነገር አስገብቷል። ይህ በሕጋችን ውስጥ ትልቅ እርምጃ ነው፤ መንግሥት ጎረቤትነት ዋጋ እንዳለው በጽሑፍ አምኗል። ይሁንና የሕጉ መነሻ ባለይዞታው ነው። ቤቱን ተከራይታ 20 ዓመት ምግብ የሸጠችው ሴት፣ በደብተሯ ላይ ስሙ «የጋራዡ ልጅ» የሆነው ወጣት፣ በየቀኑ ሰባት ሰዓት የሚመጡት ጡረተኛ በየትኛው ዓምድ ይቆጠራሉ? ግምት አውጪው ግድግዳውን ይለካል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ተነሥቶ ቤት የሚሄደውን ሰው የሚለካበት ሜትር የለውም።

እዚህ ላይ የእኛ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ድርሻ ይመጣል። ያልተለካ ነገር በዕቅድ ውስጥ አይገባም፤ መለካት ደግሞ ሥራችን ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ አንድ መንገድ ምረጡ። ምግብ ቤቶቹን ቁጠሩ። እያንዳንዱ ስንት ዓመት እንደቆየ፣ ዱቤ ለስንት ሰው እንደሚሰጥ፣ ምን ያህሉ እንደሚመለስ፣ ስንት ቁልፍ እንደሚያስቀምጥ፣ ደንበኛ ሲቀር በስንት ቀን እንደሚፈለግ ጠይቁ። የሰዎቹን ስም አትጻፉ፤ ደብተሩ ራሱ አደራ ነውና። ከተነሡ ሰፈሮች የሄዱትንም በአዲሱ ቦታቸው ፈልጓቸው፤ ዱቤ ለማግኘት ስንት ወር እንደፈጀባቸው ጠይቋቸው። ያ የወራት ቁጥር የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስከፍል የሚያሳይ አንድ ታማኝ መለኪያ ይሆናል።

ለከተማ ዕቅድ አውጪዎችም አንድ ሐሳብ አለኝ። እንዲህ ያለ ተቋም በትእዛዝ አይፈጠርም፤ የዓለም ባንክን ሰፈር የነደፉት ባለሙያዎች በፕላናቸው ላይ «የአደራ ቤት» ብለው አልጻፉም። ሊጠበቅ ግን ይችላል። በአዲስ ሰፈር ምድር ቤቱን ከፍተኛ ኪራይ ለሚከፍል ብቻ ከመተው፣ ለነባር ትንንሽ ምግብ ቤቶች ረዥም ዘመን የሚቆይ ውልና የሚችሉት ኪራይ ማመቻቸት ይቻላል። አንድ ሰፈር ሲነሣም ባለምግብ ቤቷንና ደንበኞቿን ወደ አንድ አቅጣጫ ማስፈር ይቻላል። ወጪው ከአንድ የመንገድ መብራት ምሰሶ ረድፍ የሚበልጥ አይመስለኝም።

ነገ ምሳ ስትበሉ፣ ከሒሳቡ በፊት አንድ ነገር ተመልከቱ፦ በዚያ ቤት ስማችሁን ወይም ቅጽል ስማችሁን የሚያውቅ ሰው አለ? ካለ፣ ከከፈላችሁት በላይ ተቀብላችኋል። የእናንተም ተራ ሲደርስ፣ ከጎናችሁ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ከሰነበተ ጠይቁ።